የሕዝብ ጤና አመራር ትምህርትና ያልተቈጠረው ሕዝብ

ባለፉት ሃያ ዓመታት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ኮሌጆች እጅግ ከተስፋፉት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቶች አንዱ የሕዝብ ጤና ትምህርት ነው። ቀድሞ በአንድ ስም ይጠራ የነበረው ይህ ትምህርት ዛሬ ኤፒዴሚዮሎጂ፥ ሥነ ተዋልዶ ጤና፥ ሥነ ምግብ፥ የጤና ኢኮኖሚክስ፥ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፥ ክትትልና ግምገማ እየተባለ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፍሏል፤ ቀን በሥራ የሚውለው ነርስና የጤና መኮንንም በማታና በቅዳሜ እሑድ ክፍለ ጊዜ እየተማረ ይመረቅበታል፤ በየመሥሪያ ቤቱም ለደረጃ ዕድገት የሚፈለግ ወረቀት ሆኗል። ዕውቀት መስፋፋቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የሕዝብ ጤና አመራር፥ ባለ ዕውቀቱ ድንበሩ የታወቀ፥ ቍጥሩ የተመዘገበ፥ ጤናው ቢጐድል እርሱ ራሱ የሚጠየቅለት ሕዝብ ካልተሰጠው በቀር ሥራ ላይ ሊውል የማይችል ዕውቀት ስለ ሆነ፥ በየዓመቱ ካባ ለብሶ የሚወጣው ይህ ሁሉ ምሩቅ የሚመራው ሕዝብ የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ዲግሪው በዝቷል፤ ሕዝቡ ግን ገና አልተመደበለትም።

ሐኪም ወደ እርሱ የመጣውን ሕመምተኛ ያክማል፤ የመጣውን በሚገባ ካከመም ኀላፊነቱን ተወጥቷል ይባላል። የሕዝብ ጤና መሪ ግን ከመጡት ይልቅ ስላልመጡት የሚያስብ ሰው ነው። በአገራችን ልማድ የነፍስ አባት በዐውደ ምሕረት የሚያገኛቸውን ብቻ ሳይሆን ከደጀ ሰላም ከራቁ ብዙ ጊዜ የሆናቸውን የንስሓ ልጆቹን ጭምር በየቤታቸው እየዞረ እንዲጠይቅ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ማን ከማን እንደ ተጣላ፥ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ተወለደ እንዲያውቅ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፥ የሕዝብ ጤና መሪም የሚጠየቀው በእጁ ስላለፉት ሕሙማን ሳይሆን በመዝገቡ ስለ ሰፈሩት ነፍሳት ሁሉ ነው። ከዚህም የተነሣ በክፍል የሚማረው ስታቲስቲክስም ሆነ የበጀት አያያዝ፥ የሰው ኀይል አስተዳደርም ሆነ የበሽታ ቅኝት፥ መሠረቱ አካፋዩ ቍጥር ነው፤ ክትባት ያገኙት ሕፃናት 800 ናቸው ማለት፥ የተወለዱት 900 ይሁኑ ወይም 2000 ካልታወቀ፥ ምንም እንዳልተባለ ይቈጠራል።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ፖይንት ፎር ይባል ከነበረው የአሜሪካ ርዳታ ጋራ ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቋቋመ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ መሆኑን ስናስብ፥ የዚያ ዘመን ሰዎች ሐኪም ከማፍራታቸው በፊት የጤና መኮንን ለማፍራት መምረጣቸው ድህነት ያስገደደው ብቻ ሳይሆን በጥልቅ የታሰበበት ውሳኔ እንደ ነበረ እንረዳለን። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ግቢ እያስተማረ፥ በመጨረሻውም ዓመት በገጠር ጤና ጣቢያ በአንድነት እያለማመደ፥ ሲመረቁ እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ያዘጋጃቸው ነበር። የአንዱ ጤና ጣቢያ ድርሻም በዕቅዱ 50,000 ሕዝብ ሆኖ ተወስኖ ነበር። የዛሬው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በብዙ ገጽ ዘርዝሮ የሚያጠናው የሕዝብ ጤና አመራር ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንጭ የሚያጐለብት፥ ወላድ የሚጐበኝ፥ ሕመምተኛ የሚያክምና ስለ ሁሉም የሚጠየቅ አለቃ ያለው አንድ ቡድን፥ በአንድ በተወሰነ ሕዝብ ላይ።

እርግጥ ነው፥ ያን ዘመን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ1958፥ እንደ ገና የተነሣው ወባ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሲገድል፥ በወረቀት ላይ የተመደበው 50,000 ሕዝብ አብዛኛው ከጤና ጣቢያው ብዙ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንገድ ርቆ የሚኖር እንደ ነበረ በግልጽ ታየ። የጤና መኮንኑም ራሱ በማዕረግም በደመወዝም ከሐኪሙ በታች ተደርጎ በመታየቱ ከጐበዞቹ ብዙዎቹ ወደ ሕክምና ትምህርት እየተሻገሩ የተመደቡበትን ሕዝብ ትተውት ሄዱ። በደርግ ዘመን ደግሞ የጎንደሩ ኮሌጅ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ተለውጦ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደ ገና የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያ መካከል የጠፋው አንድ ትውልድ የሥልጠና ልምድ ነው፤ ይህን የመሰለ ጥፋት በሪፖርት ውስጥ ስለማይጻፍ ማንም አልተጠየቀበትም።

ሕዝብን በቍጥር የማወቁን ትምህርት ከሁለተኛ ዲግሪ ጋራ በእውነት ያስተሳሰረው ሥራ የተጀመረው በቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል በስዊድን ከሚገኘው ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ በ1979 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ነዋሪውን ሁሉ በስም በስሙ ከቈጠረ በኋላ፥ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን አግብቶ እንደ ወጣና ማን ተሰድዶ እንደ ገባ እየጻፉ መዝገቡን ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ አቆዩት። ሐኪም ቤት ሳይደርስ የሞተው ሰው በምን እንደ ሞተ ከአስታማሚዎቹ ተጠይቆ ይጻፍ ነበር። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ መዝገብ ላይ ይሠሩ ነበርና፥ የሚጽፉበትን ሕዝብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጃፉ ያውቁት ነበር። ዛሬ በሙያው ስመ ጥር የሆኑት እንደ የማነ ብርሃኔ ያሉ ሊቃውንት የተፈተኑት በዚያ ነው።

የቡታጅራ መዝገብ ያወጣውን አንድ ፍሬ ብቻ ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች ስለ ሴቶች ጥቃት ባስጠናው ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን የወከለው ይኸው አካባቢ ነበር፤ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከእርሱው እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ከእነዚህ ሴቶች ስንቷ ለዚህ ጕዳይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር? የጤና ጣቢያውን የበሽተኞች መዝገብ ብቻ ያነበበ ኀላፊ በወረዳው እንዲህ ያለ ደዌ መኖሩን ሳያውቅ ጡረታ ይወጣል። ከቡታጅራ በኋላ ዳባት፥ ግልገል ጊቤ፥ ቀርሳ፥ አርባ ምንጭና ክልተ አውላዕሎ ተመሳሳይ መዝገብ ተክለው በየዩኒቨርሲቲያቸው ሥር ሠርተዋል። ነገር ግን እነዚህን ጣቢያዎች የቻለው በጀት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ስለ ነበር፥ የተማሪው ቍጥር እየጨመረ ሲሄድ የጣቢያዎቹ ዐቅም አብሮ አላደገም፤ የዛሬው ተማሪ አብዛኛው አንድ ሳምንት በሚፈጅ መጠይቅ ተሰብስቦ ከዚያ በኋላ ማንም ዳግመኛ በማያየው ወረቀት ይመረቃል።

ከዲግሪው ይልቅ ለሕዝቡ ቀርቦ የተገኘው ሥራ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፥ 5,000 ያህል ሕዝብ ወዳለው ገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የቤተሰብ ማኅደር ተከፍቶ ነፍሰ ጡሯ፥ ሕፃኑ፥ መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር እንዲጻፍበት መደረጉ፥ የቡታጅራው አሳብ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ ሊባል የሚችል ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ዝቅ ማለቱ የአንድ ነገር ውጤት ብቻ ባይሆንም፥ እነዚህ ሴቶች በዚህ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ መካድ አይቻልም። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት፤ ምክንያቱም አራስ ሕፃንን ማዳን በቤት ለቤት ምክር ብቻ የሚሆን ሳይሆን፥ መንገድን፥ አምቡላንስን፥ አዋላጅንና ደምን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያገናኝ አመራር የሚጠይቅ ስለ ሆነ ነው። የተማረ መሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር።

የተማረው መሪ ግን የት ነው ያለው? ብዙውን ጊዜ 100,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት ኀላፊነት በካቢኔ ሹመት የሚያዝ ቦታ እንጂ ለሙያው ተወዳድረው የሚይዙት ቦታ አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ በኀላፊው ሥር በዕቅድ ክፍል ተቀምጦ የጤና ኬላዎችን ቅጽ እየደመረ ወደ ዞን ይልካል፤ ዞኑ ወደ ክልል፥ ክልሉ ወደ ሚኒስቴሩ ያስተላልፈዋል፤ በመካከል ያሉት ሁሉ ያስተላልፋሉ እንጂ የሚወስኑ አይደሉም። ከዚህ ለመውጣት የፈለገ ብርቱ ሰው ሲሄድ የኖረው በውጭ ገንዘብ ወደሚሠሩ ፕሮጀክቶች ነበር። በዚያ ደመወዙ ይሻለዋል፤ ሥራው ግን በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ውል የታሰረ ስለ ሆነ፥ ውሉ ሲያልቅ ሕዝቡን እንዳላወቀው ይለየዋል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል እንዲያቋርጥ መገደዱ፥ የዚህ የሥራ መስክ ብዙ ክፍል በተውሶ መሬት ላይ ቆሞ እንደ ኖረ ያሳየ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄዱ ሁለት ሥልጠናዎችን ግን ሳላነሣ አላልፍም። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠና ተማሪውን ከሁለት ዓመት ጊዜው አብዛኛውን በመስክ ያውለዋል፤ ተማሪው ኩፍኝ ወይም አተት ወደ ተነሣበት ቦታ ይላካል፥ በዚያ የሠራው ሥራም ለዲግሪው ይቈጠርለታል። በዚያው ጊዜ ገደማ በየል ዩኒቨርሲቲና በክሊንተን ድርጅት ርዳታ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪም በሥራ ላይ ያሉትን የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ከሥራቸው ሳያፈናቅል አስተማረ፤ የቤት ሥራቸው የገዛ ሆስፒታላቸው ችግር ነበር። ሁለቱም ቀድመው የያዙት ቦታውን ነው፤ ዲግሪው በኋላ የመጣ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ይህን ሥርዐት ሊከተሉ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ አካፋዩ ቍጥር ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነውና። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያኔ የተገኘው ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበር፤ አራተኛው ቈጠራ ደጋግሞ ቀጠሮ ተይዞለት ደጋግሞ ተላልፏል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ዛሬ ስንት ሕፃን ሊከተብ ይገባዋል ተብሎ የሚሰጠው ዕቅድ ከዚያ ቈጠራ በግምት እየተባዛ የመጣ ነው። በመካከሉ የተሰደደው፥ የተፈናቀለው፥ ወደ ከተማ የፈለሰው ሕዝብ በዚህ ግምት ውስጥ በትክክል የለም። ከመቶ በመቶ በላይ ክትባት ሰጠሁ የሚል ወረዳ በሪፖርት የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት ግን አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት ሦስተኛ ዙር ያገኙት 53 በመቶ፥ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት ደግሞ 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ስታቲስቲክስ ተምሮ ይህን የመሰለውን ሪፖርት ዝም ብሎ የሚያስተላልፍ ባለሙያ፥ የጐደለው ትምህርት ሳይሆን፥ እንዲህ አይደለም ለማለት የሚያስችለው ሥልጣን ነው።

የሥራ ቦታ በምን እንደሚፈጠር ለማየት አሜሪካን መመልከት ይጠቅማል፤ ወገኖቻችንም በብዛት የሚማሩትና በነርስነት፥ በቤት ውስጥ ሕሙማን ረዳትነት የሚያገለግሉት በዚያ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የዚህ ትምህርት ምሩቅ የሚሠራው በመንግሥት ቢሮና በምርምር ተቋም እንጂ በሆስፒታል አልነበረም፤ ሆስፒታሉ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ሲተኛበት ስለ ነበር፥ ሰው እንዳይታመም የሚሠራ ሠራተኛ መቅጠር ለእርሱ ኪሳራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፥ የአረጋውያኑ መድን የሚባለው ሜዲኬር ለተመደበላቸው ሕዝብ ጤና በጠቅላላው ኀላፊነት ከሚወስዱ የሐኪሞች ማኅበራት ጋራ የተረፈውን ገንዘብ መካፈል ጀመረ። በሜሪላንድ ግዛት ደግሞ፥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ጭምር፥ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የዓመቱ ገቢ አስቀድሞ ተወስኖ የሚሰጥ ሆነ። ያን ጊዜ ስኳሩ ያልተስተካከለለትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚከታተል፥ መድኃኒቱን ያቋረጠውን ከመዝገብ ለይቶ የሚያወጣ ባለሙያ በድንገት ተፈላጊ ሆነ። የሕዝብ ጤና አመራር የሚል ዲግሪም በየዩኒቨርሲቲው ፈላ፤ በፊላደልፊያ ያለው ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ትምህርት ቤት የከፈተው ቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር።

ነገር ግን ገንዘብ ቦታውን ሲፈጥር ዕውቀቱ ቀላል አለመሆኑን በዚያው አገር የታዩ ሁለት ነገሮች ይመሰክራሉ። በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ ጄፍሪ ብሬነር የሚባል ሐኪም እጅግ ደጋግመው ሆስፒታል የሚገቡትን ጥቂት ሰዎች ለይቶ በነርስና በማኅበራዊ ሠራተኛ ማስከታተል ጀመረና፥ ወጪው ቀነሰ ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተወደሰ። ኋላ 800 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሲጠኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሆስፒታል የተመለሱት ከተከታተሏቸው 62.3 በመቶ፥ ካልተከታተሏቸው 61.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን የተመረጠ ሰው ማንም ባይከታተለው እንኳ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የሚገባበት ጊዜ በአብዛኛው መቀነሱ ስለማይቀር፥ የማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ውዳሴው እስከ ዛሬ ይቀጥል ነበር። ሁለተኛው፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበት የነበረ አንድ የኮምፒውተር ቀመር ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልገውን ሰው ሲመርጥ፥ ሕመሙን ሳይሆን ያወጣውን የሕክምና ወጪ ይለካ እንደ ነበር ገለጠ። ጥቁር ሕሙማን ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ሕክምና ስለሚያገኙ ወጪያቸውም ያነሰ ነበርና፥ ለክትትል ከተመረጡት መካከል ድርሻቸው 17.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስሕተቱ ቢታረም ግን 46.5 በመቶ መሆን ይገባው ነበር። እነዚህን ሁለት ጥናቶች በሚገባ ያላነበበና ያልተከራከረባቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፥ በአዲስ አበባም ይማር በባልቲሞር፥ ገና አልተማረም ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በአብዛኞቹ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ አባል የሆነው አባወራ በስሙ ተመዝግቦ በዓመት መዋጮውን ይከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በወረዳው እጅ የታወቀ ሕዝብና የታወቀ ገንዘብ በአንድ መዝገብ ተገናኙ ማለት ነው። ነገር ግን መድኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው በአብዛኛው ለሰጠው ሕክምና በየደረሰኙ ስለ ሆነ፥ አሜሪካ ልትተወው የምትታገለውን ልማድ እኛ ገና እየተከልነው ነው። ይህ ክፍያ፥ ቢያንስ በከፊሉ፥ በተመዘገበው ሰው ቍጥር ልክ አስቀድሞ እንዲሰጥና ውጤቱ በቤተሰብ ማኅደሩ እንዲመዘን ቢደረግ፥ ለሕዝብ ጤና አመራር ምሩቃን ከማናቸውም ፕሮጀክት የበለጠ የሥራ በር ይከፈታል። የወረዳው የጤና ኀላፊነትም ለሙያው የተገባ ቦታ ይሁን። ሹመቱን የሚወድዱት ይህን እንደማይወድዱት አውቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ወዲህ አዲስ የዲግሪ ስም ከማውጣት ይልቅ እያንዳንዳቸው አንድ ወረዳ ተረክበው፥ ተማሪዎቻቸው ዓመት ከዓመት ያንኑ ሕዝብ እንዲቈጥሩ፥ እንዲከታተሉና ለወረዳው ምክር ቤት ውጤቱን እንዲያቀርቡ ያድርጉ። ይህን ትምህርት ለመማር ገንዘባችሁን የምታወጡ ወጣቶችም፥ ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን፥ ተማሪዎቻችሁ የሚሠሩበት፥ በስም የተመዘገበ ሕዝብ ያለው ቦታ የት ነው፥ መዝገቡስ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ያላገኛችሁ እንደ ሆነም ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።